ቼሎው ያፏጨው በስህተት ነው ወይስ ተጽፎ ነው?

የቸርችሏ

ሰላም ናችሁ። ጥያቄዬ ለሙዚቃ ሰዎች የቂል ሊመስል ይችላል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ልይዝ ስል የቢሮ ጓደኛዬ "ነይ ባክሽ፣ ነፃ ነው፣ ቼሎና ፒያኖ ነው" ብሎ ጎተተኝ። ፒያሳ አካባቢ ያለች ትንሽ አዳራሽ ናት። ሰው ከሃምሳ አይበልጥም። እኔ እንኳን ቼሎ (ያ ትልቅ ቫዮሊን የሚመስለው፣ ቁጭ ብለው በቀስት የሚጫወቱት)፣ ክራርም ቁጭ ብዬ በወጉ አዳምጬ አላውቅም። የመጀመሪያውን ሥራ ስልኬን ስነካካ አሳለፍኩት፣ ሼም ነው ግን እውነቱ ይሄው ነው። ሁለተኛው ሾስታኮቪች የሚባል የሩሲያ የሙዚቃ ደራሲ ሶናታ ነበር። የታደለን ወረቀት "ዲ ማይነር፣ ኦፐስ 40፣ 1934" ይላል። እሱ ሲጀመር ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ ዜማ አለው፣ ፒያኖው አንዲት ለስላሳ ነገር ይጀምርና ቼሎው ይቀበለዋል። ከዛ ግን መጨረሻው አካባቢ ያ መጀመሪያ የሰማነው ዜማ እንደገና መጣና በጣም ቀርፋፋ ሆነ። ፒያኖው ከታች ጠብ፣ ጠብ ይላል። ደክሟቸው ነው ወይስ እንደዛ ነው የሚባለው?

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ልጁ እንደ መጋዝ እየገዘገዘ፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ እየተለጠፈ፣ ድንገት እጁን ክሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ሸርተት አደረገውና ቼሎው አፏጨ። ፉጨት ነው በቃ! ሰፈር ውስጥ አንዱ በር ላይ ቆሞ ጓደኛውን ሲጠራ እንደሚያፏጨው። ደገመው። አሁንም ደገመው። ከኋላዬ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ተሳስቶ ነው እንዳልል ደጋግሞታል፣ ተጽፎ ነው እንዳልል ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ማን ይጽፋል?

ሦስተኛው ክፍል ላይ መብራት ጠፋ። ሙሉ በሙሉ ጨለማ። ሁለቱም አላቆሙም። እኔ እዛ ጨለማ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ። ስንወጣ ጓደኛዬ "ስታሊን ሲያሳድደው ለተገደሉት ሰዎች የጻፈው ለቅሶ እኮ ነው" አለኝ። እውነት ነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ቼሎ ተሸካሚ

እህቴ፣ የቂል ጥያቄ አይደለም። ፉጨቱ ተጽፎ ነው። ልጁ ሳይሳሳት ስለተጫወተው ነው የሰማሽው። ብዙ ሰው ሲያበላሸው አይፏጭም፣ ይንጫጫል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼሎ ላይ በተለመደው መንገድ ስትጫወቺ ጣትሽ ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ ይጫነዋል። ሃርሞኒክስ የሚባለው ግን መጫን የለውም፣ ክሩን እንደ ትኩስ ምጣድ ነካ ብቻ ነው። ልክ ግማሹ ላይ ከነካሽው ክሩ ለሁለት ተከፍሎ ይንቀጠቀጥና አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ሲሶው ላይ ሌላ፣ ሩቡ ላይ ሌላ። ጣትሽን ሳትጫኚ ከሸረተትሽው እነዚህ ሁሉ በየተራ ይወጣሉ፣ በመሃል ያለው ይዘለላል። እጁ ሲንሸራተት የሰማሽው እንደ መሰላል የሚወጣና የሚወርድ ነገር እሱ ነው። ሾስታኮቪች ይህን ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ አስቀምጦታል፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ፣ መሃሉ ፉጨት። የሳቀው ሰውዬ አልተሳሳተም። እንደሚመስለኝ የሚያስቅ ሆኖ ነው የተጻፈው።

ማሲንቆ አይተሽ ከሆነ አዝማሪው ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያገናኘውም፣ አየር ላይ እንዳለ በጎን ነው የሚያግደው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ እሱ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ግን ክር ላይ ጣት እንዴት እንደሚቀመጥ ሁሉ ነገር እንደሆነ ከማሲንቆ በላይ የሚያሳይ የለም።

ቤት ውስጥ ጊታር ካለ ሞክሪው። 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ሽቦው ትይዩ፣ ነካ፣ ምታ፣ ጣትሽን ወዲያው አንሺ።

የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻም ድካም አይደለም። "ላርጎ" ተብሎ ተጽፏል፣ በጣም ቀስ ማለት ነው። በተለመደው ሶናታ ዜማዎቹ ሲመለሱ በመጡበት ቅደም ተከተል ነው የሚመለሱት። እዚህ ግን ገልብጦታል፣ ለስላሳዋ ሁለተኛዋ ቀድማ ትመጣለች፣ የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ጥላው ብቻ ቀርቶ ይመጣል። ለመጫወት እንዴት ከባድ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ፈጣኑን ማንም ይለማመደዋል፣ ይሄን ቀርፋፋውን ግን ቀስትሽ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አዳራሹ በሙሉ ያውቅብሻል።

ስታሊንን ለሌሎች ትቻለሁ፣ እኔ ከሚኒባስ ረዳቶች ጋር ያለኝ ጦርነት ይበቃኛል። ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ላይ አንዱ ሳጥኔን አይቶ "የማን አስከሬን ነው?" ብሎ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ዶሮ ማነቂያ የነበርኩ

የሁለት ሰው ከሆነ መስኮቱ ጋ አስቀምጠው 😂

ላርጎው ትዝታ ነው የሚመስለው ግን፣ ወይስ እኔ ነኝ?

ቼሎ ተሸካሚ

ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ ይሄኛው በግማሽ ግማሽ ድምፅ እየሾለከ ነው የሚሄደው። ስሜቱ ግን እንደዛ ቢልህ አልፈርድብህም።

ጋሽ ሌኒንግራድ

ልጄ፣ እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። በደርግ ጊዜ ለምሕንድስና ትምህርት ሌኒንግራድ ተልኬ ስድስት ክረምት አሳልፌያለሁ። የሀበሻ ልጅ እዛ ብርድ ሲመታው ወይ ይጠጣል ወይ ኮንሰርት ይገባል። የተማሪ ትኬት ከሻይ ብዙ አይበልጥም ነበር። አዳራሹ ሙቀት አለው፣ እውነቱን ለመናገር የገባሁት ለሙቀቱ ነው። ይህንን ሶናታ እዛ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ጓደኛሽ ቀኑ ተምታቶበታል። ሰውዬው ይህን የጻፈው እንደነሱ አቆጣጠር በ1934 ከነሐሴ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው፣ ገና 28 ዓመት ሳይሞላው። ያኔ ተሳዳጅ አልነበረም፣ ኮከብ ነበር። የምፅንስኳ ሌዲ ማክቤዝ የተባለው ኦፔራው በዚያው ዓመት ጥር ወጥቶ ሕዝብ ይጋፋለት ነበር። የቤቱ ነገር ግን ታምሶ ነበር። ከሌላ ወጣት ሴት ጋር ፍቅር ይዞት ከሚስቱ ከኒና ጋር ተለያይተው ሳለ ነው ሶናታውን የጻፈው። ተፋቱ። በዓመቱ መልሰው ተጋቡ፣ በ1936 ጋሊና የምትባል ልጅ ወለዱ። ስለዚህ ለቅሶ ከሆነም የትዳር ለቅሶ ነው።

መጀመሪያ የተጫወተው ቪክቶር ኩባትስኪ የሚባል ወዳጁ ነው፣ መታሰቢያነቱም ለእሱ ነው። ፒያኖውን ራሱ ሾስታኮቪች ይዞ፣ እዛው ሌኒንግራድ፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1934። በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 1927 ማለት ነው። ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ከተታኮስን ልክ ሃያ ቀን።

ስታሊን የመጣው በኋላ ነው። ኦፔራውን ሊያይ ገባ፣ በሁለተኛው ቀን ጃንዋሪ 28 ቀን 1936 የፓርቲው ጋዜጣ ፕራቭዳ ላይ "በሙዚቃ ፈንታ ትርምስ" የሚል ጽሑፍ ያለ ጸሐፊ ስም ወጣ። በእኛ ጥር 19 ቀን 1928፣ የመጀመሪያው የተምቤን ውጊያ ካበቃ ገና ጥቂት ቀኑ። ሾስታኮቪች ጋዜጣውን ያነበበው የት ይመስልሻል? በስተሰሜን አርካንግልስክ፣ ባቡር ጣቢያ። ለምን ሄደ? ከዚሁ ከኩባትስኪ ጋር ኮንሰርት ሊያቀርብ። ይሄ ሁሌ ያስደንቀኛል። ሶናታውን የወለደው ወዳጅ አብሮት ሄዶ ሳለ ነው ያንን ወረቀት የገለጠው።

ጓደኛዋ ነኝ

ጋሼ፣ ላይ ላይ የተጠቀሰው ሰውዬ እኔ ነኝ 😅 ስለ ጋዜጣው ልክ ነዎት፣ በዓመት ከምናምን ተሳስቻለሁ፣ እቀበላለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ እጄን አልሰጥም። ኪሮቭ የሌኒንግራድ ፓርቲ ኃላፊ ነበር አይደል? የተገደለው ዲሴምበር 1 ቀን 1934 ነው፣ እዛው ከተማ ውስጥ። ሶናታው መጀመሪያ የተሰማው በ25። በሃያ አራት ቀን ልዩነት! ሰው ያኔ መታሰር ጀምሮ ነበር። እና እዛ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ያንን ላርጎ ሲሰማ ስለ ሾስታኮቪች ትዳር ነው ያሰበው ሊሉኝ ነው?

ጋሽ ሌኒንግራድ

ጎበዝ። ይሄ ጥሩ ነው። ጸሐፊው በመስከረም ጨርሶታል፣ ስለ ኪሮቭ ሊያውቅ አይችልም። ሰሚው ግን ያውቃል። እኔ ያልኩት ጸሐፊውን ነው፣ አንተ ያልከው ሰሚውን ነው። በዚህ እንታረቅ።

ገጽ ገላጯ

ይቅርታ ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን እዚህ መጻፍ ግዴታዬ ነው፣ ምክንያቱም ሐሙስ ዕለት ለፒያኒስቱ ገጽ ስትገልጥ የነበረችው ልጅ እኔ ነኝ።

መብራት ሲጠፋ የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ክፍል (እሱም ላርጎ ነው) ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆነው ነው። ቼሎው በቃሉ ነበር የሚጫወተው፣ ለእሱ ምንም አይደለም። ፒያኒስቱ ግን ኖት እያየ ነው። እጁ አልቆመም፣ ግን ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁት። እኔ አንድ እጄ ወረቀቱ ላይ ነው፣ በሌላው ስልኬን ከኪሴ ላወጣ ስታገል፣ የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና የስልካቸውን መብራት አብርተው በትከሻዬ በኩል ያዙልን። ባትሪያቸው 9 በመቶ ነበር፣ ስክሪኑ ላይ አየሁት። ከዛ በኋላ ሙዚቃ አልሰማሁም፣ ቁጥሯን ነው የማየው። 8 ሆነ። 7 ሆነ። እግዜር ይስጠው፣ ላርጎ ስለሆነ ገጽ የሚገለጠው አልፎ አልፎ ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ፒያኖው ያለው ጥቂት ኖት ነው። መብራቱ የመጣው አራተኛው ክፍል ሊጀመር ሲል ነው። አራተኛው ላይ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር፣ ፒያኖው እንደ አበደ ሰው የሚሮጥበት ቦታ አለ፣ እዛ ላይ በ6 በመቶ ባትሪ አይሮጥም።

እናትየዋ ሲያልቅ "ምንድን ነበር የተጫወታችሁት?" አሉን። ስሙን ነገርናቸው። "የሩሲያ? እህ" ብለው ሄዱ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅናቸውም።

አሁን ስለ ክርክሩ። እኔ ፒያኖ ተማሪ ነኝ፣ ይሄ "ስታሊን ነው፣ ፍቅር ነው" የሚባለው ነገር ትንሽ ያደክመኛል። ጋሼን በአክብሮት ነው፣ ግን የስታሊንን ታሪክ አውጥተን የሚስቱን ታሪክ በቦታው ብናስቀምጥ ምን ተለወጠ? ያው ሙዚቃውን ትተን ሰውዬውን ማየት ነው። ሰውዬው እየተፋታ እያለ ነው ያንን ፉጨት የጻፈው። አራተኛው ክፍልም ቀልደኛ ነው፣ ዜማው እየተመላለሰ እግሩን እያነሣ የሚሄድ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ በር ተወርውሮ እንደተዘጋ ቁርጥ ይላል። ሐዘኑና ቀልዱ ግማሽ ሰዓት በማትሞላ ሥራ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። አንዱ ለአንዱ ማብራሪያ አይደለም።

መስማት ለሚፈልግ ራሱ ሾስታኮቪች ፒያኖ የያዘባቸው ቅጂዎች አሉ። አንዱ በ1946 ከዳኒል ሻፍራን ጋር፣ ሌላው በ1957 ከሮስትሮፖቪች ጋር። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። የሮስትሮፖቪች ቼሎ ትልቅ ነው፣ ይሞላል። እኔ የምወደው ግን ሻፍራንን ነው፣ በጆሮሽ እንደሚያወራሽ ዓይነት ነው።

የቸርችሏ

ወይኔ! አንቺ ነሽ? ሹራብ የለበሽው? እኔ መብራት የያዙትን እናት የዝግጅቱ ሰው መስለውኝ ነበር።

ሁለቱንም ትናንት ማታ ሰማኋቸው። የአዳራሹን ያህል አልነካኝም ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት መብራት ስላልጠፋ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሐሙስ ዕለት አንዳንድ ቦታ ላይ ቼሎው ጭራሽ አይሰማም ነበር። ቀስቱ ሲሄድ አያለሁ፣ ድምፁ ግን የለም፣ ፒያኖው ዋጠው።

ገጽ ገላጯ

ሹራቡ የእህቴ ነው።

ልክ ነሽ፣ ዋጠው። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ቼሎ ዝቅ ሲል ፒያኖው መሃል ላይ ከሚጫወተው ጋር እዛው ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ በአንድ በር ሁለት ሰው ለመግባት እንደሚጋፋው። ፒያኒስቱ ራሱን ካላሳነሰ ቼሎው ይጠፋል። ልምምዳችን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ፒያኖ ላይ ነበር፣ እዛ ያለው ቁመተ ፒያኖ ነው፣ ድምፁ እንደ ድስት ታፍኗል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ግራንድ፣ ትልቁ አግድም ፒያኖ ነው፣ ክዳኑን በአጭሩ ዘንግ ብቻ ከፍተነው እንኳን በረታ። ያውም ቅኝቱ ላይኛው አካባቢ ትንሽ ወርዶ ነበር። ክረምት እርጥበት፣ በጋ ድርቀት፣ በመሃል ፒያኖ የሚቃኝ ሰው እስኪገኝ ጥበቃ። ቀጠሮ ለማግኘት ራሱ ደጅ መጥናት ነው።

ቼሎ ተሸካሚ

የቼሎ ክርም እንደዛው ነው። የእኔ ኤ ክር ባለፈው ዓመት ሲበጠስ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እስኪገኝ ስድስት ሳምንት በሦስት ክር ተጫወትኩ። የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ በሽሮና በበርበሬ መሃል... አይ፣ ያ ሲሄድ ነው፣ ሲመጣ በቸኮሌት መሃል ነው የመጣልኝ።

እና እህቴ፣ ጊታሩን ሞከርሽ?

የቸርችሏ

ሞከርኩ። ወንድሜ አልጋው ስር የደበቀው አንድ ጊታር አለ፣ አቧራውን ጠርጌ አወጣሁት። መጀመሪያ ጭራሽ አልወጣም፣ ድፍን ብቻ። ለካ እየተጫንኩ ነው። ከዛ አንተ እንዳልከው እንደ ትኩስ ምጣድ ነካ አደረግኩት።

ጭል ብሎ ወጣ! ደወል ነገር። ደገምኩት። ከዛ ጣቴን ልሸርትት ብዬ ስሞክር ቀጭኗ ክር ብጥስ አለች፣ ወንድሜ ከሳሎን "ምንድን ነው እሱ?!" አለ።

ቀጭኗ ክር የት ነው የሚሸጠው?